ከነሥሩ

ጉሙ የደረሰብን የኮረብታውን ወገብ ሳናልፍ ነው። ከባሕሩ ተነሥቶ በሆዱ እየተሳበ መጣና መጀመሪያ የባዝራዋን ኮቴ ዋጠ፤ ቀጥሎ ጉልበቷን፣ ቀጥሎ ሆዷን። እስከዚያ ድረስ ዶክተር ባርናቢ ሄዊት ኮርቻው ላይ ሆነው ድንጋይ ላይ ስለሚበቅል ሽበት ማውራታቸውን አላቋረጡም ነበር። ጉሙ ከወገባቸው ሲደርስ ግን ዝም አሉ። ዞር ብዬ ሳያቸው ባዝራዋ የለችም፤ ሰፊ ባርኔጣ የደፋ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ዊግ ያጠለቀ ግማሽ ሰው ብቻ በነጭ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይከተለኛል። ልጓሙ በእጄ ባይሆን ኖሮ በፈረጠጥኩ ነበር።

"መምህር ሙሪሽ፣" አሉኝ፣ "አበባዋ ያለችው ከጉሙ በላይ ነው ከጉሙ በታች?"

"ጉሙ ውስጥ ናት ጌታዬ" አልኳቸው።

ከፊታችን ሚስቴ ሶርካ ትሄዳለች። ባዶ እግሯን ናት፤ ቀይ ጉርድ ቀሚሷን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አድርጋዋለች። እዚያ አገር ምድሩ ሁሉ ግራጫ ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩም እንደ ደረቀ ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ሣርና አበባ የሚበቅለው ስንጥቁ ውስጥ ነው። ጫማ ያደረገ ሰው እዚያ ላይ ቁርጭምጭሚቱን ይሰብራል። እሷ ግን በራሷ ጓዳ ውስጥ የምትመላለስ ይመስል ከድንጋይ ድንጋይ ትራመዳለች።

ዶክተሩ በዚያ ግንቦት፣ ማለት በሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከደብሊን ስድስት ቀን ጋልበው እኛ ዘንድ፣ በአየርላንድ ምዕራብ ዳር ያለው ቡረን ሲደርሱ፣ የመጣሁት ሣር ልለቅም ነው ቢሉ ማንም አላመናቸውም። ጎረቤታችን ኮናል መሬት ሊለኩ ነው አለ። ሚስቱ ደግሞ የለም፣ የተሸሸገ ቄስ ፍለጋ ነው አለች። ለሣር ሲል ስድስት ቀን የሚጓዝ ላም እንጂ ሐኪም አይደለም ተብሎም ተሣቀ። እኔን የቀጠሩኝ ለአፌ ነው። እሳቸው የእኛን ቋንቋ አያውቁም፤ እኔ ግን እንግሊዝኛውንም ላቲኑንም በአንድ የከብት በረት ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች አስተምር ነበር። የኛ የካቶሊኮቹ ሃይማኖት ሰው እንዳያስተምር የእንግሊዝ ሕግ ይከለክላል። ዶክተሩ ይህን እያወቁ "መምህር" ብለው ይጠሩኛል። አንዳንዴ ደግነት ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ልጓም።

ሶርካን የቀጠሯት ለእጇ ነው። ሰፈርተኛው በቀን "ሥር ማሽ" እያለ ያማታል፤ ሲመሽ ደግሞ ጥርሱን ይዞ በሯን ያንኳኳል። የራሷ ሥርዓት አላት። ለመድኃኒት የምትነቅለውን ብረት አታስነካውም፤ ስትነቅል አትናገርም፤ ካገኘችው ከሦስት አንዱን ለመሬቱ ትተዋለች። ዶክተሩ ይህን ሥርዓት አይተው አልሣቁም። እሷ ያሳየቻቸውን ሁሉ በወፍራም ወረቀት መካከል አስተኝተው፣ በሁለት ሳንቃ ጨቁነው፣ በጠፍር አጥብቀው፣ እኛ ምን ብለን እንደምንጠራው ከኔ አፍ እየተቀበሉ ይጽፋሉ። በአየርላንድ ምድር የሚበቅለውን ሁሉ ከነስሙ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ነው ሐሳባቸው። የእብድ ሐሳብ ነው። ግን ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው፣ የኛ ቃላት በደብሊን ማተሚያ ቤት በቀለም ተነክረው ሲወጡ ይታየኝና እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

የቀረቻቸው አንዲት አበባ ናት። ጥፍር ታህላለች፤ እንደሷ ያለ ሰማያዊ ቀለም በሌላ ነገር ላይ አይቼ አላውቅም። የለንደን ሊቃውንት ይህች አበባ የምትገኘው በረዶ በማይለቃቸው የአልፕስ ተራሮች ላይ ብቻ ነው ይላሉ። ዶክተሩ ቀደም ባለ ጉዞአቸው የባሕር ጨው በሚረጭበት አገር አየኋት ብለው ቢጽፉላቸው፣ ከለንደን የመጣው መልስ "ዶክተር ሄዊት ወይ ዓይናቸውን ወይ ወይናቸውን ያስመርምሩ" የሚል ነበር። ካቻምና የደረቀች ቢልኩላቸው ደግሞ ሥር የላትምና ካንዱ ባለጸጋ አትክልት ቦታ የተቀጠፈች ናት አሏቸው። ስለዚህ አሁን ከነሥሯ፣ ከነአፈሯ፣ ከተከፈተ አበባዋ ጋር ይፈልጓታል። "ከነሥሩ" የሚለውን ቃል በእኛ ቋንቋ አስተማርኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ በቀን ሃያ ጊዜ ይሉታል።

አበባዋ አልጠፋችም። ሶርካ ከጠዋት ጀምሮ አሥር ቦታ አሳይታቸዋለች። ችግሩ ፀሐይ ካላየች የማትከፈት መሆኗ ነው። በጉም ቀን እንደተጠመዘዘ ጧፍ ተጠቅልላ፣ ጭራሽ ሣር መስላ ትቆማለች። ዶክተሩ እየወረዱ፣ እየተንበረከኩ፣ በማጉያ መስተዋታቸው እያዩ፣ "እንዲህ ብልካት ሌላ ናት ይሉኛል" እያሉ ይነሣሉ። በማግስቱ ጠዋት በኪንቫራ ወደብ ጀልባ ይጠብቃቸዋል። ወደሚመጣው ግንቦት ማቆየት ደግሞ አይሆንም። ሲያስሉ መሐረባቸውን የሚደብቁት ከሶርካ ነበር እንጂ ከኔ አልነበረም፤ የሚመጣውን ግንቦት አላየውም ብለው በላቲን ነግረውኛል።

እኔ ግን በዚያ ኮረብታ ላይ አበባ አልነበረም የምፈልገው። አንድ ቦታ እንዳንደርስ ነበር የምጠብቀው።

በእኛ አገር ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። አባቱ ብቻውን፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይዞት ይወጣል፤ ድሮ ሰው በኖረበት ክብ ካብ ውስጥ፣ ወይም በባሕር ዳር፣ ወይም የሁለት ሰው መሬት በሚዋሰንበት ይቀብረዋል። ቦታውን ለእናቲቱ አይነግራትም። ከነገራት ሄዳ እዚያው ትቀራለች ይባላል። እንዲህ ያለውን ቦታ ኪሊን እንለዋለን። የእኛ ልጅ ከሰባት ዓመት በፊት ትንፋሽ ሳያወጣ ተወለደ። ወንድ ነበር። ሰዉ ሁሉ የሚቀብረው ባሕር ዳር ባለው ኪሊን ነው፤ እኔም ወደዚያ ይዤው ወረድኩ። ነገር ግን የዚያ ክረምት ማዕበል ዳርቻውን እየበላው ነበር፤ ውሃው ከአሸዋው ውስጥ ምን እያወጣ እንደሚያንከባልል በፋኖሴ አየሁ። እዚያ ልተወው አልቻልኩም። ተመልሼ ኮረብታውን ወጣሁ።

ሶርካን በአፌ አልዋሸኋትም። ጎህ ሲቀድ ቤት ስገባ ጫማዬ ላይ የባሕር አሸዋ ነበር። እሷ አሸዋውን አየች፤ እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ የባሕር ቅጠል ለመልቀም ስትወርድ አንድ ቋጥኝ አጠገብ ቆም እንደምትል አውቃለሁ። ባዶ አሸዋ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ከሩቅ አይቻታለሁ።

ስለዚህ ያን ቀን ወደ ግራ ልትታጠፍ ስትል፣ መንገዱን ጎርፍ አበላሽቶታል ብዬ ቀደምኩ። እንዴት እንደምመራቸው አውቅ ነበር። ከድንጋዩ ሥር ወንዝ ይሄዳል፤ ላይ ሆነህ ሳታየው ትሰማዋለህ። ድምፁን በቀኝህ ካደረግህ ኮረብታው ላይ ካለው ከሌላው ኪሊን በብዙ ርቀህ ታልፋለህ። ያልቆጠርኩት ነገር ማታውን ዶፍ መዝነቡን ነው። ከዝናብ በኋላ ያ ውሃ መንገዱን ይለውጣል። አንዴ በቀኝ ያጉረመርማል፣ አንዴ በግራ፤ አንዴ ደግሞ ልክ ከእግርህ ሥር አንድ ሰው ተርቦ ወተት እንደሚጋት ጉጥ ጉጥ ይላል።

ብዙ ከሄድን በኋላ ነጭ አበባ የለበሰች፣ አሮጌ ጨርቅ የታሰረባት አንዲት እሾሃማ ዛፍ አጠገብ ደረስን። አለፍናት። ጥቂት ቆይተን እንደገና ደረስንባት። ዶክተሩ የኪሳቸውን ኮምፓስ አውጥተው እያዩ፣ አሁን በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው የምንሄደው አሉ፤ መርፌዋም ቀጥ ብላ ነበር። በሦስተኛው ዛፊቱ ከፊታችን ቆማ ስትጠብቀን ዶክተሩ ኮምፓሱን ከደኑና ሱረታቸውን አውጥተው ሳቡ። አላነጠሱም። እንደዚያ ባለ ጉም ውስጥ ማስነጠስም ያስፈራል።

ሶርካ የሆነውን ወዲያው አወቀችው። መንገድ የሚያስት የሣር ቁራሽ አለ፤ ሳታውቅ ከረገጥከው በገዛ ማሳህ ውስጥ እስክትሞት ትዞራለህ። መፍቻው ልብስን ገልብጦ መልበስ ነው። እሷ ካባዋን ገለበጠች። እኔም የራሴን ኮት። ለዶክተሩ ብነግራቸው መጀመሪያ ሣቁ፤ ከዚያ ዛፊቱን አየት አደረጉና ቡናማ ኮታቸውን አውልቀው፣ ቢጫው የሐር ገበር በውጭ ሆኖ እንደገና ለበሱት። ትልቅ ካናሪ ወፍ መሰሉ።

"ፀጉሩንም ይገልብጠው በለው" አለች ሶርካ።

"ምን አለች?"

ባርኔጣዎም ቢገለበጥ ይረዳል ትላለች ብዬ አለሳለስኩት። እሳቸው ግን እጇ ወዴት እንዳመለከተ አይተው ነበር። ዊጋቸውን ብድግ አድርገው ገልብጠው አጠለቁት። መላጣቸው በጉሙ ውስጥ ለቅጽበት ጨሰ። ሶርካ አፏን በካባዋ ሸፈነች፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትሥቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

እንደዚያ ተገልብጠን ሄድን። ከሃያ እርምጃ በኋላ ውሃው ዝም አለ። ቀስ በቀስ አይደለም፤ የሚያወራ ሰው በር ሲከፈት እንደሚያቋርጠው ነው ያቋረጠው። ባዝራዋ ቆመች። ሳብኳት፤ አራት እግሯን ተከለች። ጆሮዋ ወደፊት ቀንቶ ቆዳዋ ይንቀጠቀጣል። ከፊታችን ዝቅ ያለ የፈረሰ ካብ ታየ፤ ከካቡ ውስጥ ሣር፣ በሣሩ ውስጥ የሕፃን ራስ የሚያካክሉ ነጫጭ ድንጋዮች።

ዓይኔ ሳያየው እግሬ አወቀው። መንገድ ለማግኘት ልብሳችንን ገለበጥን፤ መንገዱ እዚህ አደረሰን። መፍቻው ማንን እንደፈታና ማንን እንዳሰረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሶርካ አማተበች። "ሕፃናቱ ናቸው" አለች ቀስ ብላ። "ለሰውዬው ንገረው። አይገባም። እንመለስ።"

ነገርኳቸው። ዶክተሩ ከባዝራዋ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ሊመለሱም እግራቸውን አዙረው ነበር። እውነቴን ነው፣ ተመልሰው ነበር። ከዚያ እንደ ድንጋይ ቆሙ።

ከካቡ ማዶ፣ ከአንድ ጡጫ ከሚያህል ነጭ ድንጋይ ጎን፣ ሰማያዊ ነገር ነበር። አምስት አበቦች፣ እያንዳንዱ በየግንዱ፣ አንድ ላይ ተጠጋግተው። ሁሉም ተከፍተዋል። በዚያ ጉም፣ ከጠዋት ጀምሮ በኮረብታው ሁሉ ላይ አንዲት ያልተጠቀለለች ሳናይ፣ እነዚህ አምስቱ ፀሐይ ቀትር ላይ ያለች ይመስል አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ይመለከታሉ። ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ያን ሌሊት ከአንድ ጅረት አንሥቼ በኪሴ ያመጣሁት ነው።

ዶክተሩ ካቡን ተሻግረው ተንበረከኩ። እኔም ተከተልኳቸው። ማጉያ መስተዋቱን አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። አምስቱንም አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ለራሳቸው ያህል፣ እሷው ናት አሉ። ከዚያ ከኮታቸው ውስጥ የአጥንት እጀታ ያላትን መኮትኮቻ አወጡ።

ሶርካ መቃብር መሆኑን እንደገና ንገረው አለችኝ። ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። እኔም በደብሊን ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ አሉ። ሥሯ ከስንዝር አይበልጥም፤ አንድ ስንዝር ቆፍሬ፣ አፈሩን እንደነበረ መልሼ፣ ሣሩን እደፍነዋለሁ፤ የተኛውን አልነካም አሉ። ይህን ስተረጉምላት ሶርካ መኮትኮቻውንና ሰውየውን እያፈራረቀች አየች። የሰው ልጅ መቃብር ነው፤ ያሳዝናታል፤ ግን የሚሞት ሰውም ያሳዝናታል፤ መሐረቡን ቢደብቁባትም ሳላቸውን አውቃው ነበር። ልቧ እሺ ወደ ማለት እየሄደ እንደሆነ ገባኝ።

እኔ ግን ጥልቀቱን አውቅ ነበር። በዚያ ቦታ ከድንጋዩ በላይ ያለው አፈር አንድ ክንድ አይሞላም። በዝናብ፣ በጨለማ፣ በእጄ ነው የቆፈርኩት፤ ድንጋዩ ሲያቆመኝ አቆምኩ። በሶርካ ሻሽ ጠቅልዬው ነበር። ስንዝር የገባ ብረት ሻሹን ያገኘዋል። ብረቱ ሻሹን ቢያወጣው ደግሞ ሶርካ ገና ከሩቅ ታውቀዋለች።

በእሳቸውና በድንጋዩ መካከል ገብቼ ቆምኩ።

"ጌታዬ፣ ይህን አይንኩት። የርኃብ ሣር ነው።"

ከአፌ የመጣልኝ እሱ ነው። የርኃብ ሣር በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ በርኃብ የሞተ ሰው በወደቀበት ይበቅላል። የረገጠው ሰው ያንጊዜውኑ ሆዱ ይላወሳል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከሞት የሚያድነው ኪሱ ውስጥ ያለች አንዲት ጉራሽ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ኮረብታ የሚወጣ ሁሉ የአጃ ቂጣ ሳይይዝ የማይወጣው። ይህን ሁሉ ለዶክተሩ በፍጥነት ነገርኳቸው፤ ይሸሻሉ ብዬ ነው። የሠራሁት ስሕተት ግን ሌላ ሰው አይሠራውም። እንዲህ ያለ ነገር ለሚሰበስብ ሰው ነው የነገርኩት። ፊታቸው በራ። መኮትኮቻውን ሣሩ ላይ አጋድመው ማስታወሻቸውንና እርሳሳቸውን አወጡ፤ የትኛው ነው፣ ቅጠሉ ምን ይመስላል፣ ከሌላው ሣር በምን ይለያል አሉኝ። የማልመልሰው ሲበዛባቸው ወደ ሶርካ ዞሩና ጣታቸውን ወደ እግሬ ቀስረው፣ እኔው ያስተማርኳቸውን የእኛን ቃል በተሰበረ አፍ አሏት፦ "የርኃብ ሣር?"

ሶርካ ሣሩን አየች። ሣሩ ሣር ነበር። ከዚያ እግሬን አየች። እኔም ያን ጊዜ ነው እግሬን ያየሁት። ድንጋዩን ሳልመለከት፣ በጨለማ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው፣ ተረከዜን ከጎኑ አሳርፌ ቆሜአለሁ፤ አንዲት ጣት ታህል እንኳ አልነካሁትም።

"አንተ" አለችኝ።

"ወይ።"

"ቂጣው ኪስህ ውስጥ ነው።"

"አዎ።"

"የርኃብ ሣር ላይ ቆሞ ቂጣውን ያልቆረሰ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ዶክተሩ ምን አለች ብለው ጠየቁ፤ እንዴት እንደምንነቅለው እየተመካከርን ነው አልኳቸው። ሶርካ ካቡን ተሻገረች። በባዶ እግሯ ስትመጣ ድምፅ የላትም። ከፊቴ ቆማ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ያላነሣችውን ነገር አነሣች።

"አሸዋውስ?"

"መጀመሪያ ወደዚያ ነው የወረድኩት" አልኳት። "ባሕሩ እያወጣቸው ነበር ሶርካ። እዚያ ልተወው አልቻልኩም።"

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አልመታችኝም፣ አላለቀሰችም። ፊቷ ለረጅም ጊዜ ከባድ ነገር ተሸክሞ፣ ሸክሙ የሌላ ሰው ነው እንደተባለ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞራ፣ ይህን ሥር ለምን እንደሚፈልገው ጠይቀው፣ ምንም ሳትቀንስ እንደተናገረ ንገረኝ አለች።

ጠየቅኳቸው። ዶክተሩ እንደተንበረከኩ ነበሩ፤ ቢጫው ገበራቸው በጠል ረጥቧል፣ የተገለበጠው ዊጋቸው ወደ አንድ ጆሮ ዘምሟል። ስለ መጽሐፉ ይናገራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተናገሩም። "ያየሁትን አላየህም አሉኝ" አሉ። "ብቻዬን እስክቀር ድረስ ሁሉም አላየህም አሉኝ። አሁን እኔም እየተጠራጠርኩ ነው። ሳልሞት ላውቀው ነው የምፈልገው።"

ሳልቀንስ ነገርኳት።

"ብረቱን ያስቀምጥ" አለች። "እኔ አወጣለታለሁ።"

ዶክተሩ መኮትኮቻውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሶርካ እጅጌዋን ሰብስባ ከድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። እጇን ከመስደዷ በፊት ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ፦

"ራስጌው በየት ነው?"

"በምዕራብ። እንደማንኛውም ክርስቲያን ነው ያስተኛሁት።" ይህን ለቄስም ተናዝዤው አላውቅም። ያልተጠመቀ ሕፃን እንደዚያ አይተኛም።

ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ ዞረችና በግርጌው በኩል፣ በምሥራቅ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ እንደ ሥርዓቷ አልተናገረችም። በጣቶቿ ሣሩን ለየችው፣ አፈሩን እንደ ሊጥ አላላችው፣ ከአምስቱ አበቦች ሦስቱን ከነሥራቸው ለይታ ሁለቱን ለመሬቱ ተወች። ሥሩ ነጭና ቀጭን ክር ነበር፤ ጥቁር አፈር ተጣብቆበታል። ዶክተሩ በሁለት መዳፋቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው እንደ ቁርባን ተቀበሏት። በሳልና በሣቅ መካከል ያለ ድምፅ አወጡ። ከዚያም ቀኑን ሙሉ የተሸከምኩትን የቆርቆሮ ሣጥናቸውን ከጀርባዬ አውርጄ ከፈትኩላቸውና አበባዋን ከእርጥብ የድንጋይ ሽበት ጋር አስተኟት። አልተጠቀለለችም።

እርሳሳቸውን ምላሳቸው ላይ አርጥበው መጻፍ ጀመሩ። ቀኑን፣ ኮረብታውን፣ የድንጋዩን ዓይነት። እኔ ሶርካን ነበር የማየው። ሥሩን ካወጣች በኋላ እጇን አልመለሰችም። ክንዷ እስከ መሃሉ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ፊቷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ በሌሊት የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ ሴት አፏን በትንሹ ከፍታለች።

"ሶርካ" አልኳት።

"ይሞቃል" አለች።

"ምኑ?"

"ሰው አሁን የተነሣበት ፍራሽ ይመስላል።"

ዶክተሩ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። "ምን አለች?"

እዚያ ላይ ልዋሽ እችል ነበር። የትርጉም ሥራ ቀኑን ሙሉ ያንን ነው ያስተማረኝ። "አፈሩ ይሞቃል ትላለች ጌታዬ" አልኳቸው።

አሰብ አደረጉ። ያ ነገሩን ሊያስረዳ ይችላል አሉ፤ በጉም ለምን እንደተከፈተች። ከሥሩ ምናልባት የሞቀ ውሃ ያልፍ ይሆናል። "አፈሩ ሙቅ" ብለው ጻፉና ከበታቹ አሰመሩበት። ከዚያ ወደ ሰማይ አንጋጠው፣ ሳይመሽ ብንወርድ ይሻላል፣ ለባለቤትህም እግዜር ይስጥልኝ በላት አሉኝ።

ነገርኳት። ሶርካ አልተነቃነቀችም።

"አድርሰው" አለችኝ። "መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ እስኪበርድ እቆያለሁ።"

ባዝራዋን ይዤ ዶክተሩን እስከ ሸለቆው አፍ አደረስኳቸው። መንገድ አልጠፋንም፤ ውሃው በቀኛችን፣ በቦታው ሆኖ ያጉረመርም ነበር። እሳቸው የቆርቆሮውን ሣጥን ለባዝራዋ አላመኑም፤ ደረታቸው ላይ ታቅፈውት ወረዱ። ከዋናው መንገድ ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉልኝ። የዚያ ማዕረግ ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ኮታቸውን ሳይገለብጡ፣ ቢጫ እንደለበሱ፣ ወደ ኪንቫራ ሄዱ።

ተመልሼ ስወጣ ጉሙ ተገልጦ ባሕሩ ይታያል፤ ፀሐይ ጫፉ ላይ ደርሳለች። ሶርካ እንደተውኳት ነበረች። ጎኗ ተንበረከክሁ። እጄን ከእጇ ጎን ወደ አፈሩ አስገባሁ።

አልበረደም ነበር።